አቬንቱሪን፦ ብልጭታው የኳርትዙ አይደለም

ጥያቄ፦ «አቬንቱሪን የሚባል አረንጓዴ የአንገት ጌጥ አለኝ። የኳርትዝ ዓይነት ነው ተብዬ ነው የያዝኩት። ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትንሽ ሳዞረው ብልጭታው ድራሹ ይጠፋል። እኔ የማውቀው ኳርትዝ ግን ጥርት ያለና ቀለም የሌለው ነው። ይሄ ብልጭልጭ ከየት መጣ? የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው የጨመረበት? ጓደኛዬም ቡናማ አቬንቱሪን አላት። የሷ ከኔ በብዙ እጥፍ ያብረቀርቃል። የኔ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሳይሆን አይቀርም። የጓደኛዎ ቡናማ ድንጋይ እንደነገሩኝ ያን ያህል የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርጭቆ መሆኑን ነው። ለምን እንደጠረጠርኩ የሚገባዎት ግን የእርስዎ አረንጓዴ ድንጋይ እንዴት እንደተሠራ ስናይ ነው። ስለዚህ የጓደኛዎን ጉዳይ ትንሽ እናቆየው።

ስለ ኳርትዝ የሚያውቁት ልክ ነው። ኳርትዝ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ብርሃንን ያሳልፋል እንጂ ከውስጡ ብልጭታ አያወጣም። አቬንቱሪን ውስጥ የሚያብለጨልጨው ሌላ እንግዳ ማዕድን ነው። ኳርትዙ ውስጥ የተቀበሩ፣ እጅግ ስስ የሆኑ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ። በአረንጓዴው አቬንቱሪን ውስጥ እነዚህ ቅርፊቶች ፉክሳይት ይባላሉ። ፉክሳይት ሚካ ከሚባሉት፣ በስስ ንብርብር ከሚላጡ ማዕድናት ቤተሰብ ነው። ስሙን ያገኘው ዮሐን ኔፖሙክ ፎን ፉክስ ከተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ቀለሙም ብልጭታውም የሚመጣው ከሱ ነው። የኳርትዙ ድርሻ ቅርፊቶቹን አቅፎ መያዝና ብርሃን እንዲደርሳቸው ማድረግ ብቻ ነው።

የሰው እጅ የለበትም ማለት ነው። ሰው የነካው ቢኖር ቅርጹንና ማለስለሱን ነው። (ቀለም የተነከረ ድንጋይ በአቬንቱሪን ስም ይሸጣል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እደርስበታለሁ።)

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሻጮችም የሚስቱት ነው። አቬንቱሪንን ሐምራዊ ኳርትዝ ከሆነው ከአሜቲስትና ቢጫ ከሆነው ከሲትሪን ጎን ደርድረው ሁሉንም «የኳርትዝ ክሪስታል» ይሏቸዋል። አሜቲስት በርግጥም ክሪስታል ነው። አንድ ወጥ ሆኖ፣ ስድስት ጎን ይዞ ያድጋል። አቬንቱሪን ግን አለት ነው። እልፍ አእላፍ የኳርትዝ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው አንድ የሆኑበት አለት። የሥነ ምድር ሰዎች ኳርትዛይት ይሉታል። በየቅንጣቶቹ መካከልና በውስጣቸው ሚካው ተሰግስጓል። ስለዚህ የተፈጥሮ ጫፍና ጎን ያለው የአቬንቱሪን ክሪስታል አያገኙም። «የአቬንቱሪን ክሪስታል» ብሎ ስድስት ጎን ያለው ሹል ነገር የሚያሳይዎት ሰው ካለ፣ ያ ቅርጽ በማሽን የተቆረጠ ነው።

ብልጭታው ለምን ይመጣል፣ ለምንስ ይጠፋል? ይሄ የጥያቄዎ ጥሩ ክፍል ነው፤ መልሱም ያለው ሚካ ሲያድግ በሚይዘው ቅርጽ ላይ ነው። ሚካ የተሠራው ከንብርብር ነው። አንዱ ንብርብር ከሌላው ጋር የተያያዘው በደካማ ሁኔታ ስለሆነ በጥፍር ሳይቀር ሊላጥ ይችላል። የሚያድገውም ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። እያንዳንዱ ቅርፊት ትንሽ መስታወት ሆነ ማለት ነው። አቬንቱሪን ውስጥ ደግሞ እነዚህ ቅርፊቶች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው። ከኮረብታ ላይ ሆነው ጠዋት አንድ መንደር ቁልቁል ቢያዩ የሚሆነውን ያውቃሉ። አንዱ የቆርቆሮ ጣሪያ ዓይን እስኪያጠፋ ያበራል፤ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ እሱ ይከስምና ሌላው ይለኮሳል። ጣሪያዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው በፀሐይዋ፣ በጣሪያውና በዓይንዎ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። የእርስዎ ድንጋይ ሲዞር የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃኑ ከቅርፊቱ ላይ ነጥሮ በዓይንዎ ሳይሆን በጎንዎ ያልፋል።

ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ብልጭታ አቬንቱረሰንስ ይሉታል። ስሙ ከድንጋዩ ተወስዶ ለሌሎችም ማዕድናት የሚሠራ ሆኗል።

የቅርፊቶቹ መጠን ብዙ ነገር ይወስናል። ተለቅ ያሉ ከሆኑ አንድ በአንድ ብልጭ ሲሉ ያይዋቸዋል። በጣም ደቃቅ ከሆኑ ግን ነጠላ ብልጭታ አይለይም፤ ድንጋዩ በአጠቃላይ የሐር ወዝ የመሰለ ለስላሳ አንጸባራቂነት ይይዛል። ብዛታቸውም እንደዚሁ ነው። በጣም ጥቂት ከሆኑ ድንጋዩ ነጣ ያለና ቀለሙ የሳሳ ይሆናል። በጣም ከበዙ ደግሞ ብርሃን ወደ ውስጥ መግባት ያቅተውና ድንጋዩ ይደነዝዛል። ደህና የሚባለው አቬንቱሪን በሁለቱ መሃል ያለው ነው።

እዚህ ላይ የነብር ዓይን ከሚባለው ድንጋይ ጋር አያምታቱት። እሱም ኳርትዝ ነው፣ እሱም ሲዞር ይንቀሳቀሳል። ግን የሱ ብርሃን ነጥብ ነጥብ አይልም፤ አንድ የብርሃን ጅራት ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ጠፍጣፋ ቅርፊት ሳይሆን ጎን ለጎን የተደረደረ ቀጭን ክር ስለሆነ ነው። ስለ አፈጣጠሩ ከ1873 ጀምሮ ይነገር የነበረው፣ አንድ ክር መሰል ማዕድን ቀስ በቀስ በኳርትዝ ተተካ የሚል ነበር። በ2003 ፒተር ሂኒና ዶናልድ ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ተቃወሙ። አለቱ ደጋግሞ ሲሰነጠቅና ሲደፈን ኳርትዙና ክሩ አብረው ያደጉ ናቸው አሉ። ደስ የሚል ክርክር ነው፤ ግን የእርስዎ ድንጋይ ጉዳይ አይደለም።

ወደ አረንጓዴው ቀለም ልመለስ። ተራው ነጭ ሚካ ቀለም የለውም፤ የብር ወዝ ብቻ ነው ያለው። አረንጓዴ የሚሆነው በውስጡ ካሉት የአሉሚኒየም አቶሞች ጥቂቶቹ በክሮሚየም ሲተኩ ነው። ሁለቱ አቶሞች በመጠንም በኤሌክትሪክ ሙላትም ስለሚቀራረቡ አንዱ የሌላውን ቦታ ብዙም ሳይቸገር ይይዛል። ብዙ ክሮሚየም አያስፈልግም። ጥቂት ፐርሰንት ይበቃል። ኤመራልድን አረንጓዴ፣ ሩቢን ቀይ የሚያደርገውም ይኸው ክሮሚየም ነው።

ቀለሙ በሚካው ውስጥ መሆኑ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የጌጥ ሠሪ ማጉያ ያግኙና ድንጋዩን በጠንካራ መብራት ስር ይመልከቱት። አረንጓዴው በሙሉ አካሉ ላይ እንደ ቀለም የፈሰሰ አይደለም። ቀለም አልባ ወይም ነጣ ባለ መደብ ላይ የተበተኑ አረንጓዴ ቅርፊቶች ይታያሉ። ሩቅ ሆኖ ሲታይ ነው ሁሉም ተደባልቆ አንድ አረንጓዴ የሚመስለው። ይህን አንዴ ካዩ በኋላ አቬንቱሪንን ከሌላ አረንጓዴ ድንጋይ መለየት በጣም ይቀላል።

ሌሎች ቀለሞችም አሉት። ሄማታይት ወይም ጎታይት የሚባሉት የብረት ማዕድናት ሲገቡበት ቡናማ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። ሰማያዊውን የሚሰጠው ዱሞርቲዬራይት የሚባል ማዕድን ነው። የሚካ ቅርፊቱ ክሮሚየም የሌለው ተራ ሚካ ከሆነ ደግሞ ነጭ ወይም ብርማ ይሆናል። አሠራሩ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የሚቀያየረው እንግዳው ነው።

አሁን ስለ አፈጣጠሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ይሄ ክፍል ስለሆነ ረዘም ቢል ይታገሱኝ።

ኳርትዝና ክሮሚየም በተፈጥሮ የማይገናኙ ሁለት ዘመዶች ናቸው ቢባል ያስኬዳል። ክሮሚየም የሚከማቸው ከምድር ውስጥ በሚወጡ፣ ጥቁርና ከባድ በሆኑ፣ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) በሚያንሳቸው አለቶች ውስጥ ነው። ኳርትዝ ደግሞ በተቃራኒው ሲሊካ በተትረፈረፈበት፣ ለምሳሌ በግራናይት ውስጥ ይገኛል። አንድ የቀለጠ አለት ሁለቱን በአንድ ላይ አትረፍርፎ አይሰጥም። ታዲያ አንድ ዶቃ ላይ እንዴት ተገናኙ?

አንዱ መንገድ ውሃ ነው። ሁለቱም ዓይነት አለቶች ፀሐይና ዝናብ ላይ ወጥተው ይበሰብሳሉ። አብዛኛው ማዕድን ወደ ሸክላ ይለወጣል ወይም ሟሙቶ ይሄዳል። ኳርትዝ ግን ስለሚጠነክር አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ከጥቁሩ አለት ደግሞ ክሮማይት የሚባል፣ ክሮሚየም የተሸከመ ከባድ ቅንጣት ሳይበሰብስ ይቀራል። ወንዝ ሁለቱንም ይዞ ይወርድና አንድ ዳርቻ ላይ ያራግፋቸዋል። በመሃላቸው ትንሽ ሸክላ ይገባል። እስካሁን ያለን ነገር ምንም የማያምር፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት አሸዋ ነው።

አሸዋው በላዩ ሌላ ደለል እየተከመረበት ይቀበራል። ተጠቅጥቆ የአሸዋ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ዘመን ዘመንን ሲወልድ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ይጋፋሉ፤ ተራራ ይነሳል፤ የአሸዋ ድንጋዩ በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ይገኛል። እዚያ ሙቀቱ ከ300 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ይደርሳል። ይህ ኳርትዝን ለማቅለጥ አይበቃም። ምንም ነገር ሳይቀልጥ፣ ድንጋዩ ድንጋይ እንደሆነ፣ ውስጡ ግን እንደ አዲስ ይደራጃል። የአሸዋው ክብ ቅንጣቶች ድንበራቸውን ትተው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ሸክላው ሚካ ይሆናል። ክሮማይቱ ክሮሚየሙን ይለቅና ሚካው ይወስደዋል። እንዲህ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አለት ሜታሞርፊክ ይባላል።

አሁን ያንን የማዕዘን ነገር ያስታውሱ። ሚካው የሚያድገው በግፊት ውስጥ ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ቅርፊቶቹ ከፍተኛው ግፊት በሚመጣበት አቅጣጫ ፊታቸውን ሰጥተው ጠፍጠፍ ብለው ይተኛሉ፤ በጎናቸው ቆመው ማደግ አይቀናቸውም። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተዘረጉት። የአንገት ጌጥዎ በአንድ ማዕዘን በርቶ በሌላው የሚጠፋው የዛሬ ብዙ ሚሊዮን ዓመት አንድ ተራራ ሲነሳ ግፊቱ ከየት በኩል እንደመጣ ስለመዘገበ ነው።

ሁለተኛም መንገድ አለ። አንዳንድ ቦታ ክሮሚየሙ ከአሸዋው ጋር አልመጣም። ክሮሚየም ባለው አለት አጠገብ የሚያልፍ ትኩስ ፈሳሽ በስንጥቅ በኩል ወደ ኳርትዛይቱ ይዞት ይገባል። ውጤቱ ለዓይን አንድ ነው፤ ልዩነቱን ለማወቅ ድንጋዩን ከነቦታው ማጥናት ያስፈልጋል።

ይህ ዓይነት አረንጓዴ ኳርትዛይት የሚበዛው በጣም ባረጁ የምድር ክፍሎች ላይ ነው፤ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው አካባቢዎች። ምክንያትም አለው። በዚያ ጥንታዊ ዘመን የምድር ውስጥ ሙቀት ከዛሬው የበረታ ስለነበር ክሮሚየም የተሸከሙ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለቶች በገጽዋ ላይ ብዙ ነበሩ። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በሚባለው ስፍራ የተገኘ ዚርኮን የሚባል ማዕድን አንድ ደቃቅ ቅንጣት 4.4 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳለው በ2001 ታውቋል። እስከዛሬ ከተገኙት የምድር ቁርጥራጮች ሁሉ ያረጀው የሚባለው ማለት ነው። በጃክ ሂልስ አለቶች ውስጥም ይኸው አረንጓዴ ሚካ አለ። ይህን የምለው የእርስዎ ዶቃ ያን ያህል አሮጌ ነው ለማለት አይደለም። ግን ከአልማዝና ከሩቢ ያነሰ ክብር የሚሰጠው ይህ ተራ ድንጋይ የሚመጣበት ሰፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ለገበያ የሚወጣው አረንጓዴ አቬንቱሪን በብዛት የሚታወቀው ከሕንድ ነው፤ በተለይ ከደቡቡ ክፍል። ብራዚልም ታወጣለች። ቡናማና ቀላ ያለውን በተመለከተ የሩሲያ ኡራል ተራሮች፣ በተለይ በዝላቶውስት ከተማ አቅራቢያ ያለው የታጋናይ ተራራ፣ ከድሮ ጀምሮ ስሙ አለ።

ስለ ጥንካሬው ጥቂት ልበል፤ ጌጥ አድርገው ለሚለብሱት ሰው ይጠቅማል። ኳርትዝ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው። ሚካ ግን 2.5 አካባቢ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ችግር ይፈጠራል። ድንጋዩ ሲለሰልስ ኳርትዙ እምቢ ይላል፣ ሚካው ቶሎ ይበላል። ውጤቱ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ድንጋይዎን በብርሃን ስር አጋድመው ላዩን ቢመለከቱ እንደነዚህ ዓይነት ነቁጦች ማየትዎ አይቀርም። አይደንግጡ። ጉድለት ሊባል ይችላል፤ የእውነተኛ አቬንቱሪን ምልክትም ነው። አንድ ወጥ የሆነ ብርጭቆ እንዲህ አይቦረቦርም።

የአቬንቱሪን አጠቃላይ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ ከ6.5 እስከ 7 ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ክብደቱ ከተራ ኳርትዝ ብዙም አይለይም፤ አንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ2.64 እስከ 2.69 ግራም ይመዝናል። ቅንጣቶቹ ስለተቆላለፉ ሲወድቅ ቶሎ አይሰነጠቅም። ቢሰበር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ሚካው በተኛበት አቅጣጫ ነው። ለአንገትና ለጆሮ ጌጥ በጣም ደህና ድንጋይ ነው። ለዕለት ተዕለት ቀለበት ግን እኔ አልመርጠውም። አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ ቀስ በቀስ ላዩን ያደበዝዘዋል።

ቆራጩም ድርሻ አለው። ብልጭታው ደምቆ እንዲታይ ከተፈለገ የድንጋዩ ፊት ከቅርፊቶቹ ጋር ትይዩ ሆኖ መቆረጥ አለበት። በመስቀለኛ ከተቆረጠ የሚታየው የቅርፊቶቹ ጠርዝ ብቻ ይሆንና ያው ድንጋይ ድንዙዝ ይመስላል። ዶቃ ክብ ስለሆነ አንዱ ወገኑ ሁልጊዜ ያበራል። የእርስዎ ጌጥ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ብቻ የሚበራ ጠፍጣፋ ቁራጭ ከሆነ ምናልባት ቆራጩ ቸኩሎ ነው። ድንጋዩን አይውቀሱት። ራስዎ ለመቁረጥ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በደረቁ ፈጽሞ አይቁረጡ። የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። ውሃ እያፈሰሱ፣ ተገቢውን የአፍና አፍንጫ መከላከያ አድርገው ነው የሚሠራው።

እሺ፣ ወደ ጓደኛዎ ድንጋይ።

ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ከድንበሩ ላይ ከፊሉ ይመለሳል። ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚወሰነው ሁለቱ ነገሮች ብርሃንን በሚያጥፉበት መጠን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ነጸብራቁ ይበረታል። የኳርትዝ ብርሃን የማጠፍ መጠን ከ1.54 እስከ 1.55 ነው። የፉክሳይት ከ1.56 እስከ 1.61 ገደማ። በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ የአረንጓዴው አቬንቱሪን ብልጭታ ከተፈጥሮው ለስላሳ ነው። ዝቅ ያለ ደረጃ ሆኖ አይደለም፤ የፊዚክሱ ሕግ ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም። ሄማታይት ከ2.9 በላይ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛ ቡናማ አቬንቱሪን ከአረንጓዴው የበለጠ ቢያበራ አይገርምም። መዳብ ደግሞ ብረታ ብረት ነው። እሱ ጋር ነጸብራቁ ሌላ ዓለም ነው።

መዳብን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ጎልድስቶን» የሚባል ብርጭቆ አለ። አንዳንዴ «የወርቅ ድንጋይ» ወይም እንዲያው ዝም ብለው አቬንቱሪን ይሉታል። ብርጭቆው ሲቀልጥ የመዳብ ውህድ ይጨመርበታል። ምድጃው ውስጥ ኦክስጅን እንዲያንስ ይደረጋል። በቀስታ ሲቀዘቅዝ መዳቡ ከውህዱ ተለይቶ በንጹሕ ብረትነቱ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ክሪስታሎች ይሠራል። እነዚህ ናቸው በቡናማው ብርጭቆ ውስጥ እንደ እሳት ፍንጣሪ የሚንቦገቦጉት። ይህ ጥበብ የቬኒስ አጠገብ ደሴት የሆነችው የሙራኖ ብርጭቆ ሠሪዎች ነው። አስቂኙ ነገር ብርጭቆው ነው ስሙን መጀመሪያ የያዘው። ድንጋዩ ኋላ ላይ «ያንን ብርጭቆ ይመስላል» ተብሎ ተሰየመ። ስለዚህ ጓደኛዎን «ስምሽን የሰረቀው የኔ ድንጋይ ነው» ቢሏት ከታሪኩ አይርቁም።

ብርጭቆም ቢሆን መጥፎ ነገር አይደለም። ቆንጆ ነው፣ የእጅ ጥበብም አለበት። ችግሩ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው።

መለየቱ ማጉያ ላለው ሰው ቀላል ነው። ጎልድስቶን ውስጥ ያሉት ፍንጣሪዎች ብዙዎቹ ጠርዛቸው ስል የሆነ ሦስት ማዕዘን ወይም ስድስት ማዕዘን ናቸው። ከዳር እስከ ዳር በሚያስደንቅ እኩልነት ተበትነዋል። ክብ የአየር አረፋ ሊታይም ይችላል። ብልጭታው ደግሞ እንዴትም ቢያዞሩት አይጠፋም፤ ቅርፊቶቹ በየአቅጣጫው ስለዞሩ ሁልጊዜ የሚያበራ አይጠፋም። ተፈጥሮ እንዲህ እኩል አትበትንም። እውነተኛው ቡናማ አቬንቱሪን ላይ ቅርፊቶቹ አንድ ቦታ ይበዛሉ፣ ሌላ ቦታ ይሳሳሉ፣ መስመር መስመር ሠርተው ይታያሉ። ከዋክብት የተበተኑበት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ «አቬንቱሪን» ካዩ ደግሞ እሱም ያለ ጥርጥር ብርጭቆ ነው ማለት ይቻላል። የተፈጥሮ ሰማያዊው ፈዘዝ ያለና የደበዘዘ ነው።

ሦስተኛ ዕድልም አለ፤ ጓደኛዎን አስቀድሜ እንዳላሳዝናት ልንገራት። ሰንስቶን የሚባል፣ ፌልድስፓር ከሚባል ሌላ ማዕድን የሆነ ድንጋይ አለ። እሱ ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ ነው፣ በውስጡም የሄማታይት ወይም የመዳብ ቅርፊት አለው፣ በጣም ያብረቀርቃል። ኳርትዝ አይደለም እንጂ የተከበረ ድንጋይ ነው። መደቡ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ፣ ፍንጣሪውም የተዘበራረቀ መጠን ካለው፣ እሱ ሊሆን ይችላል።

የእርስዎስ አረንጓዴ? ብልጭታው በማዕዘን የሚመጣና የሚሄድ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። አሳሳች የሚሆነው ቀለም የተነከረ ነጭ ኳርትዛይት ነው። እሱ ላይ አረንጓዴው የሚገኘው በስንጥቆችና በቅንጣቶች ድንበር ላይ ተጠራቅሞ ነው፤ በማጉያ ሲታይ የሸረሪት ድር ይመስላል። ቅርፊት አይታይም፣ ወይም ቢታይም ራሱ አረንጓዴ አይደለም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በነከረ ጥጥ የማይታይ ጥግ ላይ ቢያሹት አንዳንዱ ቀለም ይለቃል፤ ሁሉም ግን አይለቅም፣ ስለዚህ ስላልለቀቀ ብቻ እርግጠኛ አይሁኑ። አሴቶኑ ማጣበቂያና ክሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያዎች ቼልሲ የሚባል የቀለም ማጣሪያ መነጽር አላቸው። በሱ ሲታይ ክሮሚየም ያለው አቬንቱሪን ወደ ቀይ ያደላል። ከነጭራሹ ድንጋዩን በቢላ ወይም በመርፌ እንዲጭሩ የሚመክሩዎትን ግን አይስሙ። ጌጥ ላይ ጭረት ትቶ ከመሄድ በቀር የሚነግርዎት ነገር ጥቂት ነው።

«ሕንድ ጄድ» የሚል ስምም ይገጥምዎት ይሆናል። አቬንቱሪን ነው። ጄድ አይደለም። ጄድ የሚባሉት ሁለቱ ማዕድናት ናቸው፣ ጄዳይትና ኔፍራይት፤ ሁለቱም ከአቬንቱሪን ይከብዳሉ። ጄዳይት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.3 ግራም አካባቢ፣ ኔፍራይት 3 ግራም ገደማ። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ዶቃዎች በሁለት እጅዎ ቢይዙ ልዩነቱ ሊሰማዎት ይችላል።

ስለ ደረጃ ስለጠየቁኝ የራሴን ሐሳብ ልናገር። የአቬንቱሪን ጥሩነት በብልጭታ ብዛት ብቻ አይለካም። ብዙ ብልጭታ ያለው ብዙ ሚካ አለው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጉድጓድና ደካማ ልስላሴ ያመጣል። እኔ ብመርጥ፣ አረንጓዴው እኩል የሆነ፣ ብርሃን ትንሽ ዘልቆ የሚያሳልፍ፣ ቅርፊቱ ደቃቅ ሆኖ ሲዞር ብቻ ቀስ ብሎ የሚነቃውን ነው የማነሳው። ሌላው ሰው ተለቅ ተለቅ ያለውን ብልጭታ ሊወድ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ቀለሙ የክሮሚየም ስለሆነ ፀሐይ አያነጣውም። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። በድምፅ ሞገድ የሚያጥቡ የጌጥ ማጽጃ ማሽኖች ውስጥ አይክተቱት፤ በሚካው አቅጣጫ ያለን ስንጥቅ ሊያሰፉ ይችላሉ። ከቶፓዝና ከሳፋየር ጋር በአንድ ሳጥን አያስቀምጡት፤ ይጭሩታል። ዶቃ ከሆነም አስቀድሞ የሚያልቀው ድንጋዩ ሳይሆን ክሩ ነውና እሱን በየጊዜው ይመልከቱት።